አማት የጠለፉት ጨለማ

ጎንደር ውስጥ በቀን የፊት መብራት አብርቶ መንዳት አይቻልም። ሕግ ከልክሎ አይደለም፤ ሰው አያስነዳህም። ባለባጃጁ ጣቱን ከፈት ዘጋ ያደርግልሃል። ሊስትሮው ብሩሹን አንስቶ «መብራት!» ይላል። ከፒያሳ አዘዞ እስክትደርስ ያላመለከተህ ሰው ቢኖር የተኛ ነው። (ማታ ሳታበራ ብትሄድ ግን ይህን ያህል ተቆርቋሪ አታገኝም።)

የአጎቴ ልጅ መኪና መብራት ራሱን ያዛል። ማብሪያው «አውቶ» ላይ ከሆነ ሲመሽ ይበራል፣ ሲነጋ ይጠፋል። ወጉ እንዲያ ነበር። የሱ ግን ፀሐይ አናት ላይ ሆናም ቦግ!

ቡና ላይ ጉባኤ ተቀመጠ። አንዱ «ፊውዝ ተቃጥሎ ነው» አለ። ፊውዝ ቢቃጠል መች ይበራ ነበር? ሌላዋ «ለጥምቀት ፋሲል መዋኛ ወስደህ ጠበል አስረጫት» አሉት።

ኤሌትሪሻኑ ብዙ አላወራም። ማብሪያውን ከአውቶ አውጥቶ በእጁ አበራ፣ አጠፋ። ታዘዘ። «አምፖሉም ፊውዙም ሪሌውም ደህና ናቸው። ያመመው ዓይኑን ነው» አለ። ዓይኑ ማለት ሴንሰሩ ነው፤ ዳሽቦርዱ ላይ፣ ከፊት መስታወቱ ሥር ያለች የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል ነገር። ብርሃን ካልደረሳት መሽቷል ትላለች። አቧራም፣ ስቲከርም፣ ጥቁር ላሚኔትም ያሳስታታል። እዚህ ግን የጋረዳት ዳሽቦርዱ ላይ የተነጠፈው ጨርቅ ነው። ገለጥ ሲያደርገው መብራቱ ትንሽ ቆይቶ ጠፋ። ሲመልሰው በራ።

«ይነሳ!» አለ።

የአጎቴ ልጅ ፊቱ ተለዋወጠ። ጨርቁን የጠለፉት አማቱ ናቸው። የፋሲልን ግንብ፣ አራቱን ክብ ማማዎች ሳይቀር! እሁድ እሁድ ከደብረ ብርሃን ሥላሴ ሲመለሱ ጋቢና ይቀመጡና፣ ከሰላምታ በፊት ጨርቁን ያስተካክላሉ። ፊውዝ ይቀየራል፤ አማት ግን እንዴት ተደርጎ?

ኤሌትሪሻኑ መላ አመጣ። ሴንሰሯ የግንቡ በር ሥር ስለነበረች በሩን በምላጭ ቀደደው። መብራቱም ልብ ገዛ።

እሁድ አማት ገቡ። እጃቸው በሩ ላይ ቆመ።

«ይኼን ማን ከፈተው?»

«አይጥ ነው እማማ።»

ከንፈራቸውን መጠጡ። «አይዞህ ልጄ። ሌላ እጠልፍልሃለሁ። አሁንስ ወፍራም ገበር ነው የማገባበት።»