ይድረስ ለአቶ ቲልት፣ ከወንበሬ ጀርባ

ለክቡር አቶ ቲልት፤ ባሉበት።

እንደምን ሰነበቱ? እኔ ከኪሴ መሳሳትና ከእርስዎ ናፍቆት በቀር ደህና ነኝ። ከተያየን እኮ አራት ቀናችን ነው።

አንቱታው እዚህ ላይ ይብቃን። ስምንት ዓመት ሙሉ አንድ ወንበር ላይ ተደራርበን ተቀምጠን "እርስዎ" መባባል ያስቃል።

ደብዳቤው ግልጽ ስለሆነ ለማያውቁህ ላስተዋውቅህ። የፖከር ተጫዋች ጥሩ ካርታ ይዞ ሲሸነፍ፣ ደሙ ፈልቶ የሚያውቀውን ሁሉ ረስቶ ቺፕሱን (በብር ፋንታ የሚቆጠረውን ክብ ጠጠር) መበተን ሲጀምር፣ "ቲልት ላይ ነው" ይባላል። ስምህን የወረስከው ከፒንቦል ማሽን ነው። ኳሷ ወደ ቀዳዳው ስትንከባለል ተጫዋቹ በእልህ ማሽኑን ይነቀንቃል። ያኔ "ቲልት" የሚል መብራት ቦግ ይልና ቁልፎቹ ይደነዝዛሉ። ቢጫናቸው አይሰሙትም። ኳሷም ዓይኑ እያየ ትገባለች። የኛ ሰው ይህንኑ "እልህ ምላጭ ያስውጣል" ብሎ ከጨረሰው ቆይቷል። መብራት ብቻ አልገጠመለትም።

እኔን ታውቀኛለህ። ላስ ቬጋስ ውስጥ ካርታ አዳይ ነኝ። እዚህ ከተማ ሐበሻ ሦስት ቦታ አይጠፋም፤ ታክሲ ላይ፣ ካዚኖ ውስጥ፣ ማኪያቶ ፊት። እናቴ ለጎረቤት "ልጄ ሆቴል ነው የሚሠራው" ትላለች። አልዋሸችም። ከላይ አልጋ ሞልቷል።

በሳምንት አምስት ቀን አድላለሁ። ሁለቱን ቀን ሌላ ቤት ሄጄ እጫወታለሁ። የሚያስቀውም እዚህ ጋ ነው። በአምስቱ ቀን አንተን እንደኔ የሚያውቅህ የለም። ሰውየው ገና ሳይጮህ መምጣትህን አያለሁ። ቺፕሱን መደርደር ይተዋል። ካርታው ሳይደርሰው እጁን ይዘረጋል። ከዚያ ቀና ብሎ ያየኛል፤ ካርታውን ከቤቴ ቀቅዬ ያመጣሁት ይመስል። "ካርታው ይቀየርልን!" ይላል። እንቀይርለታለን። በአዲሱም ይበላል። አንዱማ ደረቴ ላይ ወርውሮብኛል። ፈገግ ብዬ ለቀምኩ። ግማሽ ሰዓቴ ሲሞላ ተነስቼ ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ ሄድኩ። እዚያም ቀድመኸኝ ደርሰሃል።

በሁለቱ ቀንስ? ያቺን ቅዳሜ አትረሳትም መቼም።

የ1 እና የ3 ዶላር ጠረጴዛ ነበር፤ ካርታ ሳይታይ በግዴታ የሚመደበው ማለት ነው። 300 ዶላር ይዤ ገብቼ 420 አድርሻታለሁ። ሁለት ኤስ መጣልኝ። ከሁሉ የሚበልጠው መነሻ፣ ከ221 እጅ አንዴ ብቅ የሚል ካርታ ነው። ፊት ለፊቴ ያሉት ባለ ባርኔጣ ሽማግሌ ሁለት ኪንግ ይዘዋል። ገና የጋራ ከሆኑት አምስት ካርታዎች አንዱም ጠረጴዛው ላይ ሳይወርድ ሁለታችንም ያለንን ገፋን። ሦስቱ ወረዱ፤ ሰላም። አራተኛው ወረደ፤ ሰላም። አምስተኛው የልብ ኪንግ ሆኖ ቁጭ አለ፤ ለሽማግሌው ሦስት ኪንግ ሞላላቸው። ልብ ብለህ ከሆነ ከአራቱ ኪንጎች ሪዝ የሌለው እሱ ብቻ ነው። ገና ሪዝ ባላወጣ ልጅ ተበላሁ።

ሽማግሌው "ይቅርታ ልጄ" አሉኝ። ይቅርታቸው ነው የገደለኝ። የምታድለው ሐበሻ ነበረች። ጠረጴዛ ላይ ከእንግሊዝኛ በቀር መናገር አይፈቀድም፤ እሷ ግን ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ "አይዞህ ወንድሜ" አለችኝ። እኔ ምን አደረግሁ? ቀና ብዬ አየኋት። ያንን አስተያየት አውቀዋለሁ። በሳምንት አምስት ቀን የሚታየው እኔው ላይ ነው።

አንተም መጣህ። እየጮህክ ብትመጣ ኖሮ ባወቅኩህ። እንደ ሠርግ ሽማግሌ ጉሮሮህን ጠርገህ "እስቲ ረጋ ብለን እንነጋገር" አልክ። "አሁን መነሳት ሽሽት ነው። እኚህ ሰውዬ ጨዋታ አይችሉም። ያንተ ብር እሳቸው ጋ በአደራ ነው ያለው።" አደራ! ቃል ስትመርጥ አንደኛ ነህ። ኤቲኤሙ ገና 300 ሊሰጠኝ ለአገልግሎት ሲቆርጥብኝ እንኳ "ፍርድ ቤት ሲኬድም ቴምብር አለው" ብለህ አጽናናኸኝ። ጄ (ጃክ) እና አራት መጣልኝ። በሥራ ቀን ሰው እንዲህ ያለ ካርታ ይዞ ሲገባ በሆዴ የምስቅበት ነው። "ያምራል" አልከኝ። እኔም ሳየው አማረኝ።

ከሌሊቱ 9 ሰዓት መኪናዬ ውስጥ ሆኜ ደረሰኞቹን ቆጠርኩ። ሦስት ናቸው።

እኔም አሠልጣኝ ቀጠርኩብህ። ኳስ እንዳይመስልህ፤ የፖከር ተጫዋችን ጭንቅላት የሚያሠለጥን ባለሙያ አለ። ጎልፍ ተጫዋቾችን ሲያሰክኑ ቆይተው ወደ ካርታ የተሻገሩም አሉ። ቡና ቤት ይህን ስናገር የጓደኞቼ ማኪያቶ በአፍንጫቸው ሊወጣ ነበር። "እኛ በነጻ እንምከርህ፤ አትጫወት!" ምክሩ እንኳ አልከፋም። ግን ተናጋሪው ስልኩ ላይ የኳስ ውርርድ ከፍቶ ነበር።

በመጀመሪያው ቀን የኪንጉን ታሪክ ሃያ ደቂቃ አወራሁለት። እስከ መጨረሻው የሰማኝ እሱ ብቻ ነው፤ ተከፍሎታል። ከዚያ ጠየቀኝ።

"ሁለት ኤስ ሁለት ኪንግን ከመቶ ስንቴ ያሸንፋል?"

"82 ገደማ።" ይህቺንማ አውቃታለሁ።

"18ቱ የማን ነው?"

ዝም አልኩ። ቢቸግረኝ "የሌላ ሰው" አልኩት። አልሳቀም፤ ጻፈው። "ሥራ ላይ እንዲህ ሲሆን አይተሃል?" አለኝ። ቁጥር የለውም አልኩት። "ያኔ ምን ታደርጋለህ?" ቺፕሱን ላሸነፈው ገፍቼ ካርታውን እበውዛለሁ። ከቀናኝ ጉርሻ ይሰጡኛል።

ለካ ስምንት ዓመት ሙሉ ካርታው ዕዳ ያለበት ነው የሚመስለኝ። አንተ ደግሞ የኔ ዕዳ ሰብሳቢ።

ከዚያ ደብተር ያዝ አለኝ። ምን አናደደህ፣ ገላህ ላይ ምን ታየ፣ ለራስህ ምን አልከው፣ ምን አደረግህ፤ ከእያንዳንዱ ጨዋታ በኋላ ይጻፋል። ገላዬን ስንመረምር ቀኝ ጉልበቴ እንደሚንቀጠቀጥ ታወቀ። ጥርሴን ነክሼ "እሺ" ማለት እንደምጀምርም። ሐበሻ "እሺ" ሲል እሺ ማለቱ እንዳልሆነ ለፈረንጅ ማስረዳት ግማሽ ሰዓት ፈጀ። ከፍዬበታለሁ።

ሒሳቡንም ለየልን። ኪንጉ የወሰደው 420 ዶላር ነው። እሱ ዕድል ነው፤ ማንንም ይበላል። ቀሪው 900 ያንተ ነው። ጓደኞቼ የሰሙት የኪንጉን ብቻ ነበር፤ 900ዋን ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ባለቤቴም ይህን ስታነብ ነው የምታውቀው።

ጥሩ ስጫወት ምን እንደምመስል ጻፍ ሲለኝ ሁለት ገጽ ሞላሁ። መጥፎ ስጫወትስ ሲለኝ እስክሪብቶው ሰነፈ። "ምርጥ ቀንህን ተወው" አለኝ፤ "እሱ ራሱን ችሏል። እኛ የምናቃናው መጥፎ ቀንህን ነው።" ጄ እና አራት ይዤ የማልገባ ሰው ብሆን እንኳ ግማሽ መንገድ ነው አለ። የተማረ ሰው የሰጠኝ ትልቁ ግብ ይሄ ነው።

አንተም ዝም አላልክም። "ፊል ሄልሙትስ?" አልከኝ። እውነት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ገና በ24 ዓመቱ የፖከር የዓለም ሻምፒዮን የሆነው፣ ለአሸናፊ የሚሰጠውን የእጅ አምባር ከ15 በላይ የሰበሰበው ሰውዬ፣ በተበላ ቁጥር እየተነሳ ሲጮህ ነው የኖረው። እኔም ጩኸቱን ጥንቅቅ አድርጌ ተምሬለታለሁ። አምባሩ ነው የቀረው።

የማሸነፍ ደስታና የመሸነፍ ሕመም እኩል አለመሆናቸውንም ካህነማንና ትቨርስኪ የሚባሉ ሁለት እስራኤላውያን የሥነ ልቦና ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1979 ጽፈውታል አለኝ አሠልጣኜ። 200 ዶላር ሳሸንፍ መኪና ማቆሚያው ጋ ሳልደርስ ይረሳኛል። 200 ስሸነፍ ግን እሑድ ቅዳሴ ላይ አብሮኝ ይቆማል። ለዚህ ጥናት አያስፈልገኝም ነበር።

መጨረሻ ላይ ደንብ ወጣልኝ። ከ600 በላይ አልጫወትም። የባንክ ካርዴ ቤት ይቀራል። ትልቅ እጅ ስሸነፍ ተነስቼ አንዴ እዞራለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት እንደተባልኩት ተነሳሁ፤ ዞርኩም። አልሸሹም ዞር አሉ ነው ነገሩ፤ ዞሬ ዞሬ የተቀመጥኩት መደቡ ከፍ የሚለው የ2 እና የ5 ጠረጴዛ ላይ ነው። አሠልጣኜ ደንቡን አሻሻለው፤ ዙሩ በውጭ በር በኩል ሆነ። ቺፕሴ ሥር የማስቀምጣት ብጣሽ ወረቀትም አለች። "18ቱም የኔ ነው" ትላለች። በአማርኛ ነው የጻፍኳት፤ ጎረቤት እንዳያነብ።

ባለፈው ቅዳሜ ሁለት ኩዊን ይዤ ተበላሁ። ጉልበቴ ጀመረ። "እሺ" አልኩ። ጉሮሮህን ስትጠርግ ሰማሁህ። ወረቀቷን አየሁና ተነሳሁ። ከምሽቱ 4 ሰዓት ሳይሞላ ቤት ስገባ ባለቤቴ ግንባሬን ዳሰሰችኝ። "አመመህ እንዴ?"

አልነገርኳትም እንጂ መንገድ ላይ አንድ ነጭ ፒክአፕ ምልክት ሳያሳይ ፊቴ ገብቶ ነበር። ሁለት መውጫ ድረስ ተከተልኩት። የኋላ ወንበር ላይ ቀበቶ አስረህ እንደነበር አሁን ነው የገባኝ።

ከሠላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለአሠልጣኜ፣
"አይዞህ ወንድሜ" ላለችኝ እህቴ፣ ከይቅርታ ጋር፣
ለባለቤቴ፣ የ900 ዶላሩ መስመር ተሰርዞ።

ማሳሰቢያ፦ በሚመጣው ቅዳሜ አልመጣም። ምናልባት ከመጣሁ ግን ሰባት ቁጥር ወንበር ላይ እንዳትጠብቀኝ። ስምንት ቁጥር ይሻለኛል፤ ሰባት አልቀናኝም።