እየቃኘሁ ነው

ክራሬን የገዛሁት በሚያዝያ 2011 ነው። ቀኑን ያልረሳሁት ፌስቡክ በየዓመቱ ስለሚያስታውሰኝ ነው።

መጀመሪያ የሄድኩት ቸርችል ጎዳና፣ የባህል ዕቃ ከሚሸጥባቸው ሱቆች አንዱ ዘንድ ነበር። ዛጎል በዛጎል የሆነች አንዷን ጠቆምኩ። ሻጩ ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው። ከእግር እስከ ራሴ አዩኝና "ለግድግዳ ነው ለጣት?" አሉኝ።

"ለጣት!" አልኩ ደረቴን ነፍቼ።

"እንግዲያው እሷ አትሆንህም። እሷ የቱሪስት ናት" ብለው ከጓዳ ጌጥ የሌላት አንዲት ክራር አወጡልኝ። ስድስት ክር፣ ጥብቅ ብሎ የተወጠረ ቆዳ። በአንድ ጣታቸው ነካ ሲያደርጓት ሱቁ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ዞረ። ከፍዬ ወጣሁ። ቤቴ ገባሁ። ሚስማር መታሁ። ግድግዳ ላይ ሰቀልኳት።

በዚያው ማታ ግን አውርጄ ታቅፌያት ፎቶ ተነስቻለሁ። አንገቴን ዘንበል፣ ዓይኔን ከደን አድርጌ። ለጠፍኩት። ጉድ ፈላ! "አቦ ይመችህ!" "አርቲስቱ!" አንዱማ "አልበሙ መቼ ነው?" አለኝ። "በቅርብ ቀን" ብዬ መለስኩለት። ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሰው ሥራ የሚሠራው ክፍያ ስለሚጠብቅ ነው። እኔ ግን ቀብድ ሳይሆን ሙሉ ሒሳቤን ገና ሳልጀምር ተቀበልኩ። ሙሉ የተከፈለው አናጢ ተመልሶ ሲመጣ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ደግሞ ይሄ የዘመን አቆጣጠራችን ለሰነፍ ሰው እንዴት የተመቸ ነው! ስገዛት ዓቢይ ጾም ነበር። "ጾሙ ይፈታና" አልኩ። ጾሙ ተፈታ፣ ዶሮው ተበላ፣ ግንቦትና ሰኔ የት እንደገቡ አላውቅም። ክረምት ሲሆን አንድ የሰማሁት ነገር ነበር፤ የክራር ቆዳ እርጥበት ሲይዝ ይረግባል፣ ድምፁም ይለወጣል። እውነት ነው። እውነት ስለሆነም በጣም ደስ አለኝ። "በዚህ ዝናብ እንዴት ይሆናል፣ ቆዳው ይድረቅና" አልኩ። ነሐሴ ፍልሰታ ነው። ጳጉሜ ላይ ደግሞ ምን ይጀመራል? (2011 ላይ ጳጉሜ 6 ቀን ነበረች። የተጨመረችልኝን ቀንም ተኝቼ አሳለፍኳት።) እንቁጣጣሽ መጣ። "በአዲሱ ዓመት" ብዬ ማልኩ። መስቀል ይለፍ፣ ገና ይለፍ፣ ጥምቀት ይለፍ ስል የሚቀጥለው ዓመት ዓቢይ ጾም 55 ቀኑን ይዞ ከች አለ። "በጾም ዘፈን ነውር ነው" አልኩ ኮራ ብዬ። ፈጣሪ ይቅር ይበለኝና፣ በዚያ ጾም ክትፎ ሳልተው ክራር ተውኩ።

ምንም አልሠራሁም ካልኩ ግን ራሴን መዋሸት ይሆንብኛል። ቃኝቻለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ክራሯን አወርዳለሁ፣ አቧራዋን እጠርጋለሁ፣ ስልኬ ላይ የጫንኩትን መቃኛ አፕ እከፍታለሁ። አንዷን ክር ጠበቅ ሳደርግ ሌላዋ ትላላለች። ያቺን ሳስተካክል ይቺኛዋ ታኮርፋለች። አንድ ሰዓት ሙሉ መቃኛውን ሳዞር ቆይቼ መርፌው መሐል ላይ ቆሞ አረንጓዴ ሲያበራ ላቤን እጠርጋለሁ፤ "ለዛሬ ይበቃል" እልና መልሼ እሰቅላታለሁ። በሳምንቱ ቅኝቷ ወርዶ ትጠብቀኛለች። እንደገና።

ሰው ደውሎ "ምን እየሠራህ ነው?" ሲለኝ "እየቃኘሁ ነው" እላለሁ። እንዴት ያለች ውብ ቃል ናት! ሰነፍ አትመስልም። ፈሪም አትመስልም።

ከየትኛው ቅኝት ልጀምር የሚለው ብቻውን አንድ ዓመት ፈጅቶብኛል። አራት ናቸው፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ። ስለ አራቱም ዩቲዩብ ላይ ያልሰማሁት ማብራሪያ የለም። በመጨረሻ በትዝታ ልጀምር ብዬ ወሰንኩ። ትዝታ እንዲኖረኝ ግን መጀመሪያ አንድ ነገር መሥራት ነበረብኝ። ከዚያ ደግሞ ሌላ ጥያቄ መጣ፤ በግርፍ (ክሮቹን ባንዴ እየመቱ) ነው በድርድር (አንድ በአንድ በጣት እየነኩ)? ይሄኛው ስምንት ወር ወሰደ። አንድ ቀን ታዲያ አስናቀች ወርቁ ክራር ስትጫወት የሚያሳይ ቪዲዮ ተከፈተልኝ። ጣቶቿን አየሁ። የራሴን ጣቶች አየሁ። ቀስ ብዬ ኪሴ ከተትኳቸው።

እናቴ መጀመሪያ ክራሯን ስታይ ፊቷ ጠቆረ። "በገና ቢሆን እንኳ ደግ ነበር። ክራር የሰይጣን ነው ሲሉ ነው የሰማሁት። አሁን በዚህ ዕድሜህ አዝማሪ ልትሆን ነው?" አለችኝ። እኔም የተከፋ ሰው መሰልኩ። ለጓደኞቼ "ቤተሰብ አልደገፈኝም" እያልኩ ስንቱን ማኪያቶ በሐዘኔታ ተጋብዤበታለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ? እናቴ ባትከለክለኝ ኖሮ እኔው ሄጄ "ኧረ ከልክይኝ" እላት ነበር። ጉዱ የመጣው በአራተኛው ዓመት ነው። እሑድ ልጠይቃት ሄጄ ቡናዋን እየቀዳች "ያቺ ክራርህ እንዴት ሆነች? እስቲ አንድ ቀን ይዘሃት ናና አጫውተኝ" አለችኝ። ስኒው ከእጄ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። በእናት ማሳበብ እንዲህ በአንድ እሑድ ቀረ።

ብቻዬን አይደለሁም፣ ጓደኛ አለኝ። እሱ የሚጽፈው ልቦለድ ነው። ልጁ ስትወለድ የጀመረው፣ ልጁ ስድስተኛ ክፍል ገብታም ገጽ አሥራ አንድ ላይ ያለ። አንድ ማታ "አትቸኩል" አለኝ። "ሐዲስ ዓለማየሁ ያን ትልቅ ልቦለዳቸውን ያሳተሙት በ1958 ነው። ሃምሳቸውን ካለፉ በኋላ! እኛ ገና አርባ አንዳችን ነው።" ሁለታችንም እፎይ ብለን አንድ አንድ ቢራ ጨመርን። ከጎናችን የተቀመጠ አንድ የማናውቀው ሰውዬ ግን አላስችለው አለ። "ይቅርታ ወንድሞቼ፣ እሳቸው ከዚያ በፊት እኮ ከጣሊያን ጋር ተዋግተዋል፣ ተማርከው ጣሊያን አገር ታስረዋል፣ አምባሳደር ሆነዋል፣ ሚኒስትር ሆነዋል። እናንተ እስካሁን ምን ስትሠሩ ቆያችሁ?" ጓደኛዬ እያየኝ አስተናጋጇን "ሒሳብ!" አለ።

አሁን የቀረው ጎረቤት ነው። ኮንዶሚኒየም የኖረ ሰው ያውቀዋል፤ ግድግዳው እንኳን ክራር ማስነጠስም አይችልም። "ሰው ምን ይለኛል?" የምትለዋ ጥያቄ ያለችው እዚያ ብሎኬት ውስጥ ነው። እስቲ ግን ይህ ሰው የምለው ማን እንደሆነ ልዘርዝርላችሁ። ከላይ ያለው ጎረቤቴ አርሴናል ጎል ሲያገባ መኝታ ቤቴ አቧራ ይረግፋል። ከጎን ያሉት ወይዘሮ ቡና የሚወቅጡት ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ነው። ከታች ያለው ወጣት ሞተር ብስክሌቱን ለማስነሳት ሩብ ሰዓት ይታገላል። ፋሲካ ዋዜማ በግ ደረጃው ላይ ሲያለቅስ ያድራል። ውሃ በፈረቃው የመጣ ሌሊት ደግሞ የጀሪካኑ ኳኳታ ራሱን የቻለ ባንድ ነው። እኔ እነዚህን ሰዎች ነው እንግዲህ በስድስት ክር እንዳልረብሻቸው ስሰጋ የኖርኩት።

ባለፈው ህዳር አንድ ማታ መብራት ጠፋ። የተለመደ ነው። ያልተለመደው ስልኬም አብሮ መሞቱ ነው። ቲቪ የለ፣ ዩቲዩብ የለ፣ መቃኛ አፕ የለ። ሻማ አብርቼ ተቀመጥኩ። የሻማው ብርሃን ግድግዳው ላይ የክራሯን ጥላ ትልቅ አድርጎ ሣለው፤ ጥላዋ የምትስቅብኝ መሰለኝ። አወረድኳት። አንደኛዋ ክር ተበጥሳለች። መቼ እንደተበጠሰች አላውቅም። "እንግዲያው ክር እስክገዛ" ልል አፌን ስከፍት፣ ባለ አምስት ክር ክራርም እንዳለ ትዝ አለኝ። ይህን የነገረኝ ያ ሁሉ ዩቲዩብ ነው። እርግማን!

በጆሮዬ ቃኘኋት። ተቃኘች ማለት ይከብዳል፤ ተስማማን እንበል። ምን ልጫወት? ትዝታ፣ ባቲ፣ ሁሉም ከጭንቅላቴ ጠፋ። በጨለማው ጣቴ ላይ የመጣችልኝ ያቺ እንቁጣጣሽ ሲሆን ሴቶቹ ልጆች አደይ ይዘው ከቤት ቤት የሚዞሩባት ዜማ ናት። የመጀመሪያዋን ስንኝ ነካኋት። ሁለተኛው ላይ ሳትኩ። መለስኩ። ደግሜ ሳትኩ። ሦስተኛው ላይ እንደምንም እስከ ጫፏ ደረስኩ።

ሕንጻው ጸጥ አለ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ጸጥታው ጸጥታ ነው። እጄ ላብ በላብ ሆነ። አሁን በር ይንኳኳል ብዬ ጠበቅኩ።

ከግድግዳው ማዶ አንዲት ቀጭን የሕፃን ድምፅ "ለምለም!" አለች።

ስንኟን ደገምኩ። "ለምለም!" አሉ፣ አሁን ሁለት ሆነው። ሁለተኛዋ ድምፅ የቡና ወቃጯ ወይዘሮ ናት። ሦስተኛው ላይ ከታች ባለሞተሩም ገባበት፣ ያውም ከቅኝት ውጭ። እኔ መቃኘት ከጀመርኩ ወዲህ እንደዚያ የላላ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። ማንም ግን ደንታ አልሰጠውም።

በመጨረሻ አርሴናሉ መስኮቱን ከፍቶ ከላይ ጮኸ።

"ኧረ ሰውዬ፣ ምን ነካህ? ገና ህዳር ነው እኮ! እንቁጣጣሽ አሥር ወር ይቀረዋል!"

"አውቃለሁ" አልኩት በመስኮት አንገቴን አውጥቼ። "ዘንድሮ ቀደም ብዬ ልዘጋጅ ብዬ ነው።"