ከሳሽ ጠቆርሽ፣ ወፈርሽ ተመቸሽ

ከሁለት ወር በፊት ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ነው። የአባቴ ታላቅ እህት አገላብጠው ሳሙኝና ጉንጬን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ድንኳኑ ሁሉ በሚሰማው ድምፅ «ወፈርሽ! ተመስገን፣ ተመቸሽ!» አሉ። ከጎኔ ከዋሽንግተን ዲሲ የመጣችው የአጎቴ ልጅ ተቀምጣለች። ወደ እሷ ዞሩ። «አንቺስ ምነው ከሳሽ ጠቆርሽ? እዚያ አገር አይበላም እንዴ?» የአጎቴ ልጅ ያንን ሰውነት ለማምጣት ዓመት ሙሉ ጂም ተመላልሳለች። እኔ ደግሞ ከወለድኩ ወዲህ የጨመርኩትን ኪሎ ለመቀነስ ብዬ እራት ከተውኩ ሁለተኛ ወሬን ይዣለሁ። ሁለታችንም ንፍሯችንን እየዘገንን ዝም አልን።

እትዬ ክፉ ሰው አይደሉም። ክሳት ምን ማለት እንደነበር በዐይናቸው አይተዋል። በ1977ቱ ድርቅ አጥንቱ የገጠጠ ሰው አይተዋል። ከዚያ ደግሞ ኤችአይቪ መጣ። በ1997 ዓ.ም. መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት እስኪጀምር ድረስ፣ ድንገት የከሳ ሰው ከጀርባው ይንሾካሾኩበት ነበር፤ ሱሪው ሲሰፋው ሰፈሩ ፍርዱን ይሰጣል። ስለዚህ እትዬ «ወፈርሽ» ሲሉ «አልራበሽም፣ አልታመምሽም» ማለታቸው ነው። አራስን በገንፎና በቅቤ፣ በአጥሚት የምንንከባከበውም ከዚሁ ነው። አራሷ ሳትወፍር ከቤት ከወጣች የምታፍረው እናቷ ናት።

ይህን ሁሉ አውቄም ያመኛል። ያ ቃል ዛሬ የሚያርፈው ሌላ ገበያ መሀል ነዋ! በቅርቡ አንድ የቴሌግራም ቻናል አየሁ፤ ከላይ የቦርጭ ማጥፊያ ሻይ፣ ሁለት ጣት ዝቅ ስትሉ ዳሌና መቀመጫ የሚያሳድግ ሽሮፕ። ሻጩ አንድ፣ ስልክ ቁጥሩም አንድ። በእንዲህ ዓይነት ሽሮፖች ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ሳይፕሮሄፕታዲን ለአለርጂ የተሠራ መድኃኒት ነው፤ የምግብ ፍላጎት ይከፍታል፣ እንቅልፍም ያስይዛል። ከእነዚህ አንዱ የሆነውን አፔታሚንን የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ አትጠቀሙ ብሎ አስጠንቅቆበታል። ለመወፈር ሲሉ ዴክሳሜታሶን የሚውጡም አሉ። ሲቆይ ፊት ያብጣል፣ ስኳር ከፍ ይላል፣ አጥንት ይሳሳል። ያበጠውን ፊት ያየ ዘመድ ደግሞ «አማረብሽ» ይላል።

ልብስ መግዛትም ሌላ ፈተና ነው። አንድ ቀን መርካቶ ቀሚስ ስጠይቅ ሻጯ «ፍሪ ሳይዝ ነው፣ ይለጠጣል» አለችኝ፤ ከዚያ ዳሌዬን ገረፍ አድርጋ አየችና «ለአንቺ እንኳ እንጃ» ጨመረችበት። (ፍሪ መባሉ ማንን ነፃ ለማውጣት እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም።) ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ቀሚስ የሚሰፋልኝ ሰው ግን ሜትሩን ደረቴ፣ ወገቤ፣ ዳሌዬ ላይ ያዞርና ቁጥሩን በእርሳስ ደብተሩ ላይ ይጽፋል። በቃ። ዘንድሮ ስሄድ የዛሬ ሦስት ዓመቱን ገጽ ገለጠ፣ ሁለቱን ቁጥሮች አስተያየና «ጨርቁ ግማሽ ሜትር ይጨመርበት» አለኝ። ለእሱ የሚስተካከለው ቀሚሱ ነው። ከዚያ ሱቅ ስወጣ ምን ያህል ቀሎኝ እንደነበር!

ወንዶቹም አላመለጡም። ቦርጭ ያወጣ ወንድ «ገንዘብ መጣ» ይባልለታል፣ ከሲታው ደግሞ «ንፋስ እንዳይወስድህ» እየተባለ ይሳቅበታል። ለእሱ አልቅሶ የሚያባብለው እንኳ የለም።

«እኛ ለጤናሽ ብለን ነው» የሚሉኝ አሉ። እሺ፣ ስለ ጤና እናውራ። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚለው፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 22 በመቶዎቹ ከሲታዎች ናቸው፤ ኪሏቸው ከልክ ያለፈው 8 በመቶ ናቸው። ከተማ ውስጥ ውፍረቱ ይበዛል፤ ግፊትና ስኳር እንደሚያስከትልም አልክድም። ግን ግፊት የሚለካው በመሣሪያ ነው። ድንኳን ውስጥ በዐይኑ የለካ ሐኪም አላጋጠመኝም። ቀጭን ሆኖ ስኳር ያለበትም ሞልቷል፤ እሱን «ሸንቃጣ» ብለን አድንቀን እናልፈዋለን።

አርባው ሲወጣ ተዝካሩ ላይ እትዬን ደግሜ አገኘኋቸው። እጃቸው ወደ ጉንጬ ሳይደርስ ቀደምኳቸው። «እትዬ፣ ዛሬ እንኳ ኪሎዬን አያንሱብኝ» አልኳቸው። ግራ ገባቸው።

«ታዲያ ምን ልበልሽ የኔ ልጅ?»

«እንዴት ሰነበትሽ ይበሉኝ።»

ትንሽ አሰቡ። «ይሁን። እንዴት ሰነበትሽ» አሉና ጉንጬን በሁለት እጃቸው ያዙ። «እንዴት ሰነበትሽ፣ የኔ ወፍራም!»