የዳይኖሰር ተዝካር

ልጄ አቡሽ የተወለደው ጳጉሜ 6 ቀን 2011 ዓ.ም. ነው። ጳጉሜ 6 የሚመጣው በአራት ዓመት አንዴ ነው። ማዋለጃ ክፍሉ በር ላይ ቆሜ፣ ገና "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ሳልል በጣቴ ቆጠርኩ፦ 2015፣ 2019፣ 2023፣ 2027። አሥራ ስምንት ዓመት እስኪሞላው አራት ኬክ! ሰው ልጅ ሲወለድለት ፈጣሪውን ያመሰግናል፤ እኔ ባሕረ ሐሳብንም ጨምሬ አመሰገንኩ።

ባለቤቴ ግን ለሁሉም ነገር ሐበሻ ሆና ለልደት ጊዜ ፈረንጅ ናት። "ሴፕቴምበር 11 ነው የተወለደው" አለች፤ በቃ፣ በየዓመቱ ሆነ። ይሄ ሴፕቴምበር 11 የሚሉት ደግሞ ከአራት ዓመት ሦስቱን የሚውለው በእንቁጣጣሽ ነው። ዶሮው፣ ሽንኩርቱና ቅቤው ኪሴን አራቁተው ሳይጨርሱ ኬኩ በሌላ በር ይገባል።

እኛ ስናድግ የልደት ቲም ፈንዲሻ ነበር። ዛሬ ጎረቤቱ ሁሉ የሚጠይቀው "ቲሙ ምንድን ነው?" ብሎ ነው፤ ልጁ ስንት ዓመቱ እንደሆነ ግድ የሚሰጠው የለም። መስከረም 1 ቀን 2018 አቡሽ ስድስት ሊሞላው ሲል አስቤበት "አደይ አበባ ይሁን" አልኩ። ቢጫ ነው፣ ከሜዳ ይለቀማል፣ ቄጤማውም እንደሆነ መጎዝጎዙ አይቀርም።

"ዳይኖሰር!" አለ አቡሽ።

በቴሌግራም ዲኮር የምትሠራ ልጅ አገኘሁ። የፊኛ ቅስት፣ ባነር፣ ባለ ሦስት ደርብ ኬክና የዳይኖሰር ልብስ ለብሶ የሚጨፍር ሰው፣ ጠቅላላ 25,000 ብር። "ሰውየውን ብንቀንሰውስ?" ብዬ ጻፍኩላት። "21,000።" "ዳይኖሰሩንስ ብንቀንሰው?" አይታው ዝም አለች።

ስለዚህ ባለው ቤት ተጠቀምኩ። ቄጤማው ጫካ ሆነ። በኮባ ተጠቅልሎ የተጋገረው የአማቴ ድፎ ዳቦ የዳይኖሰር እንቁላል ተባለ፤ ስድስት ሻማ ተሰካበት። ለባነሩ፣ ለእንቁጣጣሽ ሥዕል እየሳለ የሚያዞረውን የጎረቤት ልጅ በ100 ብር ዳይኖሰር አሳልኩት። ልጁ እጁ የለመደው መልአክ ስለሆነ ዳይኖሰሩ ሁለት ክንፍና የተመዘዘ ሰይፍ ይዞ መጣ። አማቴ ሲገቡ ተሳልመውት አለፉ።

በኋላ ነው ነገሩ ያሳሰባቸው።

"ዳይኖሰር የምትሉት ምንድን ነው ልጄ?"

"የጥንት እንስሳ ነው እማማ። ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት አልቋል።"

"ሁሉም?"

"ሁሉም።"

"ታዲያ ይሄ የልጁ ልደት ነው የእነሱ ተዝካር?" ጥቂት አሰቡና ራሳቸውን ነቀነቁ። "ይህን ሁሉ ዘመን ተዝካራቸው ሳይወጣ!"

የሆነው ሆኖ ድግሱ ሰመረ። ሻማው እፍ ተባለ፣ እንቁላሉ ተቆረሰ፣ ዘጠኝ ሕፃን ጫካው ላይ ተንከባለለ። ዶሮ ወጡ ሲቀርብ እኔ ዘንድ አንድ ጥበብ ብልጭ አለች። ሳይንቲስቶች ወፎች የዳይኖሰር ዘር ናቸው ይላሉ፤ ዶሮም እዚያው ውስጥ ነች። ብድግ አልኩና "ልጆች፣ ይሄ ዝም ብሎ ዶሮ እንዳይመስላችሁ፤ የዳይኖሰር የልጅ ልጅ ነው!" ብዬ አወጅኩ። አንድ ብር ያልወጣበት ቲም! ጭብጨባ ጠብቄ ነበር።

አቡሽ የያዘውን እግር ወደ ሳህኑ መለሰው።

"ትናንት በረንዳ ላይ ያረድከው?"

"አዎ።"

"ሌላ ቀርቷል?"

ምን እንደምል ሳላውቅ ከንፈሩ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እሱ ሲጀምር አጠገቡ ያለችው ተቀበለች፤ ከዚያ የቀሩት ሰባቱ። አበባየሆሽ ሊሉ ደረጃውን የወጡ ሴቶች ልጆች በራችን ላይ ደርሰው ጆሯቸውን ጣል አደረጉና "ለቅሶ ቤት ነው" ተባብለው ወረዱ።

ባለቤቴ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። አማቴ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ፣ ለእኔ የተቀመጠውን ፈረሰኛ ወደ ራሳቸው ሳህን አወጡና "አላልኩህም?" አሉኝ።