የወንጪ ዳገት ለጀማሪ ቀላል አይደለም
ያነበብኩት የጉዞ ጽሑፍ ከአምቦ በወንጪ አድርጎ ወሊሶ የሚወርደውን መንገድ ለብስክሌት ጋላቢዎች ማስተዋወቁ ደስ ቢያሰኝም፣ ለጀማሪም አይከብድም ማለቱን ግን መቀበል ይቸግረኛል። አምቦ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ የወንጪ እሳተ ገሞራ አፋፍ ከ3,000 ሜትር ስለሚበልጥ፣ ጋላቢው በአንድ ጠዋት 900 ሜትር ያህል ሽቅብ ይወጣል፤ እዚያ ደግሞ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ 70 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። እኔ በመጀመሪያ ጉዞዬ ለመርገጥ በሚከብደው በትልቁ የፊት ማርሽ ልወጣው ሞክሬ፣ የእንሰቱ ማሳ ሳስቶ አስታ የሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ ሲበዛ ወርጄ ብስክሌቱን እየገፋሁ ነው የጨረስኩት፤ በፈረስ የሚያልፉኝ የአካባቢው ልጆች «አይዞህ» ሲሉኝ ማፈሬ አልቀረም።

ከአፋፉ ሆነው ሐይቁንና የቂርቆስ ገዳም ያለበትን ደሴት ሲያዩ ድካሙ ይረሳል። ቁልቁለቱ ግን ከዳገቱ የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል። ፍሬኑ ቸርኬውን የሚይዝ ብስክሌት ያለው ሰው ሳይለቅ ይዞ ከወረደ፣ ቸርኬው ግሎ ጎማውን ሊያፈነዳበት ስለሚችል፣ ከመታጠፊያው በፊት ጠበቅ አድርጎ መያዝ፣ ከዚያም መልቀቅ ይሻላል። በሐምሌና በነሐሴ አስፋልቱ እርጥብ፣ ጉሙም ወፍራም ስለሚሆን፣ እኔ ከመስቀል በኋላ ያለውን ጊዜ እመርጣለሁ።