የባሕር ወለሉ ሃይድሬት በብርድ የረጋ ጋዝ አይደለም

ሰላም ወንድሜ። «ከባሕር ወለል በታች ያለው ሚቴን ሃይድሬት በብርድ የረጋ ጋዝ ነው፤ ስለዚህ የሚገኘው በዋልታዎች አካባቢ ብቻ ነው» የሚለውን ብዙ ሰው ሲቀባበለው ስላየሁ ይህችን እርማት ልጻፍ።

ሚቴን ብቻውን የሚረጋው ከዜሮ በታች 182 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ነው፤ የትኛውንም የኬሚስትሪ ሰንጠረዥ ገልጦ ማረጋገጥ ይቻላል። እንዲህ የሚበርድ ባሕር በምድራችን የለም። ሃይድሬት በአመዛኙ ውሃ ነው። የውሃ ሞለኪውሎች ተያይዘው እንደ ሙዳይ ይሆናሉ፣ ጋዙ ውስጡ ይታሰራል። ብርዱ ያግዛል እንጂ ያለ ግፊት ሙዳዩ አይጸናም። በ1,000 ሜትር ጥልቀት ያለው ግፊት በ10 ዲግሪ ሙቀት እንኳ እንዳይፈርስ ያደርገዋል።

ለዚህም ነው ሞቃታማው የቤንጋል ባሕረ ሰላጤ ውስጥ የተገኘው። እ.ኤ.አ. በ2006 ጆይደስ ሬዞሉሽን የተባለችው የቁፋሮ መርከብ በህንድ የክሪሽና-ጎዳቫሪ ተፋሰስ ወፍራም ክምችት አግኝታለች። በጣም የሚያስደንቀኝ ሃይድሬቱ በደለሉ ውስጥ መኖሩ የሚታወቅበት መንገድ ነው፦ የደለል ናሙናው ወደ መርከቧ ሲወጣ ግፊቱ ይቀንሳል፣ ሃይድሬቱ መፍረስ ይጀምራል፣ ሲፈርስም ሙቀት ስለሚስብ ሙቀትን በሚያሳይ ኢንፍራሬድ ካሜራ ላይ ቀዝቃዛ ቦታ ሆኖ ይታያል።

ስህተቱ ቀላል አይደለም። ሃይድሬትን «በብርድ የረጋ ጋዝ ነው» ብሎ የሚያስብ ሰው ፍለጋውን ወደ ዋልታ ብቻ ይወስዳል፣ ጋዙንም ለማውጣት ማሞቅ የግድ ይመስለዋል። ጃፓን ግን እ.ኤ.አ. በ2013 ከናንካይ ባሕር ሥር በሙከራ ጋዝ ያወጣችው ሳታሞቀው፣ በጉድጓዱ ውስጥ ያለውን ግፊት በመቀነስ ነው።