የምክር ቤት አባል ሁን አሉኝ

የቀበሌ ምክር ቤት አባል ከሆንኩ አራት ዓመቴ። ደሞዝ የለውም፤ እሱስ ይሁን። ችግሩ ጣና ላይ፣ እንደኛ ባለች ትንሽ ደሴት፣ ሰው ሁሉ ወይ ዘመድ ነው ወይ አበልጅ። ባለፈው ዓይኑ የጠበበ፣ የዓሣ ጫጩት ሳይቀር የሚጠርግ መረብ የሚጥል ይጠየቅ ብዬ እጄን አወጣሁ። ሰውየው የልጄ የክርስትና አባት ሆኖ ቁጭ! እስከ ዛሬ ቤተክርስቲያን ስንገናኝ ፊቱን ያዞርብኛል። ሚስቴም አልማረችኝም።

ስብሰባ ሦስት ሰዓት ይባላል። ስድስት ሰዓት ላይ «ምልዓተ ጉባኤ አልሞላም»። ግማሹ መረብ ሊያነሳ በታንኳ ወጥቷል፣ ግማሹ ለቅሶ ላይ ነው። የወረዳው ሰው ማዕበል ካለ አይመጣም፤ ከሌለም ነዳጅ የለም። የመጣ ቀን ስለ እምቦጭ አረም ሁለት ሰዓት ያስተምረናል። እምቦጭን! ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ጣና ላይ የበቀለውን ጉድ፣ ነፋስ ባመጣው ቁጥር እስከ ወገባችን ውሃ ገብተን በእጃችን የምንነቅለውን እኛን!

የጠየቅነው እኮ ሌሊት ምጥ የያዛትን ሴት ባሕር ዳር የምታደርስ አንዲት የሞተር ጀልባ ነው። «በቃለ ጉባኤ ሰፍሯል» ይሉናል። አራት ዓመት ሙሉ ሰፍሯል። መዝገቡ ቢንሳፈፍ ኖሮ እሱኑ ተሳፍረን በሄድን።